ስለ ጭቃ ግድግዳና ስለ ቺፑድ ግድግዳ፤ ድምፅን ምን ያህል እንደሚያግዱ አስቀድሞ ለማስላት

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ስፍራ ሲሆን፣ ስሙ በታሪክ የሚነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለ እጆችንና የአገር ልጆችን አንድ ላይ ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት በመሆኑ ነው። ከአውሮፓውያኑም መካከል እንደ ዋልድማየር ያሉት በስዊስ አገር ባዝል ከተማ አጠገብ ከነበረ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ፤ ወንጌል እናስተምራለን ብለው መጥተው ነሐስ አቅላጭ ሆነው ተገኙ። በ1859 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ መድረሱንም አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መድፍ አይደለም፤ ግድግዳ ነው። መድፉን ያነሣሁት ስለ ክብደቱ ነው። በጋፋትና በአካባቢው የሚገኝ አንድ ተራ የጭቃ ግድግዳ፣ 4 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው እንደ ሆነ፣ 2,500 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ሦስት እንዲህ ያሉ ግድግዳዎች ቢደመሩ ከሴባስቶፖል ይከብዳሉ ማለት ነው። ያንን መድፍ ለመጎተት ስንት ሕዝብ እንደ ደከመ ይተረካል፤ ግድግዳውን ግን ባልና ሚስት ከጎረቤት ጋር ሆነው ጭቃውን በእግራቸው አቡክተው ያቆሙታል፤ ማንም አይተርክላቸውም። ይህ ክብደት በከንቱ የተከመረ አለመሆኑን ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ቀን የገጠመኝ ነው። የታመመች አክስቴን ይዤ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። መመርመሪያ ክፍሉ ከተራ መጠበቂያው የተለየው በአንድ ረድፍ ቺፑድ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ከጣሪያው ሳይደርስ ግማሽ ሜትር ያህል ቀርቶት ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጥነው ሁሉ የሐኪሙንም ጥያቄ የበሽተኛውንም መልስ አንድ በአንድ እንሰማ ነበር፤ ሰውም ለማዳመጥ ጸጥ ይላል። የአክስቴ ተራ ደርሶ ሐኪሙ «እናቴ፣ ምንዎን ነው የሚያመዎት?» ቢላት፣ «ራሴን ብቻ ነው፤ ሌላው ደኅና ነው» ብላ የራስ ምታት ኪኒን ተሰጥቷት ወጣች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ትክክለኛውን ሕመሟን ለእኔ ነገረችኝ። «ለምን ለሐኪሙ አልነገርሽውም?» ብላት፣ «ልጄ፣ ያ ሁሉ ጎረቤት እያዳመጠኝ እንዴት ብዬ ልናገር?» አለችኝ። ሐኪሙ በሥራው አላጠፋም፤ ጥፋቱ የግድግዳው ነው። ግድግዳውን የሠራው አናጢም ቢሆን ዐይን እንዲጋርድ እንጂ ጆሮ እንዲጋርድ አልታዘዘም።

አሁን ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፤ አንድ ግድግዳ ገና ሳይሠራ፣ ድምፅን ምን ያህል እንደሚያግድ በስሌት ለማወቅ ይቻላልን? አዎን ይቻላል። ስሌቱም ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ መለኪያው ጥቂት እንበል። የድምፅ ብርታት የሚለካው በዴሲቤል ነው። ይህ መለኪያ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሳይሆን በማባዛት የሚወጣ ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲቀነስ የድምፁ ኀይል ወደ ዐሥረኛው፣ 20 ሲቀነስ ወደ መቶኛው፣ 30 ሲቀነስ ወደ ሺኛው ይወርዳል። የሰው ጆሮ ግን 10 ዴሲቤል ሲቀነስ ድምፁ በግማሽ ያህል እንዳነሰ ብቻ ይሰማዋል። በአንድ ሜትር ርቀት የሚነገር የተራ ሰው ንግግር 60 ዴሲቤል ያህል ነው። መኪና የማያልፍበት የገጠር ሌሊት ከ25 እስከ 30 ዴሲቤል ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው ውጤት የሚያስገርም ነው፤ ጸጥ ባለ ስፍራ ያለ ግድግዳ ከጫጫታ ከተማ ግድግዳ የበለጠ ሥራ ይጠበቅበታል። አዲስ አበባ በትልቅ መንገድ ዳር ባለ ቤት የመኪናው ጩኸት የጎረቤትን ወሬ ስለሚሸፍነው፣ ሰው ግድግዳው የሸፈነለት ይመስለዋል። ያንኑ ግድግዳ አምጥተን ደብረ ታቦር ብናቆመው፣ ሌሊቱን የጎረቤት ሳል ይቆጠርበታል።

ግድግዳ ድምፅን የሚያግደው በምንድን ነው? ድምፅ የአየር መወዛወዝ ነው። አየሩ ግድግዳውን ሲገፋው ግድግዳው በጣም በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስም በወዲያኛው ወገን ያለውን አየር ይገፋል። እንግዲህ በወዲያኛው ክፍል የምንሰማው የሰውየውን አፍ ሳይሆን የግድግዳውን እንቅስቃሴ ነው። ከባድ ነገር በቀላሉ አይንቀሳቀስም፤ ይልቁንም ቶሎ ቶሎ እንዲወዛወዝ ሲታዘዝ እንቢ ይላል። ስለዚህ ግድግዳው በከበደ መጠን፣ ድምፁም በቀጠነ መጠን፣ የሚያልፈው ያንሳል። የዚህን ሐሳብ መሠረት እንግሊዛዊው ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1877ና በ1878 ባሳተመው የድምፅ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጦታል። በኋላም ጀርመናዊው በርገር እ.ኤ.አ. በ1911 በሙኒክ ባቀረበው የምርምር ጽሑፍ የግድግዳን ክብደትና የድምፅን መታገድ በመለኪያ አያይዞ አሳይቷል። ሕጉ «የክብደት ሕግ» ይባላል።

ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። የግድግዳውን የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት በኪሎ ግራም እንወስዳለን። ይህን በድምፁ ድግግሞሽ፣ ማለት በሴኮንድ በሚወዛወዝበት ብዛት፣ እናባዛለን፤ የድግግሞሽ መለኪያው ኸርዝ ይባላል። የውጤቱን ሎጋሪዝም በ20 እናባዛና 47 እንቀንሳለን። የሚቀረው ግድግዳው የሚያግደው ድምፅ በዴሲቤል ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጨመራል፤ ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆንም እንዲሁ 6 ይጨመራል።

የክሊኒኩን ቺፑድ በዚህ እንመዝነው። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። የንግግር መካከለኛ ድግግሞሽ 500 ኸርዝ ነው ብንል፣ 5.5 በ500 ሲባዛ 2,750 ይሆናል፤ ሎጋሪዝሙ 3.44፣ በ20 ሲባዛ 68.8፣ 47 ሲቀነስለት 22 ዴሲቤል ያህል ይቀራል። 60 ዴሲቤል የሚናገር ሰው በወዲያኛው ወገን በ38 ዴሲቤል ይሰማል ማለት ነው። ጸጥ ባለ ክፍል 38 ዴሲቤል ማንም ቃል በቃል የሚከታተለው ንግግር ነው። ከላይ የቀረው ግማሽ ሜትር ክፍት ግን ይህን ሁሉ ስሌት ዋጋ ያሳጣዋል፤ እርሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጭቃው ግድግዳ ሌላ ነገር ነው። አሠራሩን የአገራችን ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አላረዝመውም፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ በማገር ይታሰራል፣ ከጭድ ጋር ቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ከውስጥና ከውጭ ይመረጋል፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በሁለተኛና በሦስተኛ ምርጊት ይደፈናል፣ በመጨረሻም በእበትና በአመድ ወይም በነጭ አፈር ይለሰናል። ለበዓል በመጣ ቁጥር ልስኑ ይታደሳል። ስለዚህ ይህ ግድግዳ ራሱ ንብርብር ነው፤ ነገር ግን ንብርብሮቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ አንድ አካል የሚወዛወዙ ስለ ሆኑ በስሌት እንደ አንድ ግድግዳ ይቆጠራሉ። ጭድ ያለበት ደረቅ ጭቃ በሜትር ኩብ 1,500 ኪሎ ያህል ቢመዝንና ውፍረቱ 17 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ይወጣል። በክብደት ሕግ ብናሰላው በ500 ኸርዝ 55 ዴሲቤል ያግዳል።

ዳሩ ግን ይህ ቍጥር ከልክ ያለፈ ነው። ምክንያቱን የገለጠው ሎታር ክሬመር የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1942 ነው። ግድግዳ በድምፅ ሲመታ እንደ ተዘረጋ አንሶላ ሞገድ ይሄድበታል። ድምፁ በስላች ሲመጣ የአየሩ ሞገድ በግድግዳው ገጽ ላይ የሚጥለው ጥላና የግድግዳው የራሱ ሞገድ ርዝመታቸው እኩል የሚሆንበት ድግግሞሽ አለ፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱ እንደሚገጥሙ ዘፋኞች ይተባበራሉ፣ ግድግዳውም ድምፁን ከማገድ ይልቅ ያሳልፈዋል። ለስስ ቺፑድ ይህ የሚሆነው ከ3,500 ኸርዝ በላይ ስለ ሆነ ንግግርን ብዙ አይነካም። ለወፍራም ግድግዳ ግን ገና ከ100 ወይም ከ200 ኸርዝ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከባድ ግድግዳ ከክብደቱ የሚጠበቅበትን ሁሉ አይሰጥም። ለዚህም በአውሮፓ የሕንፃ ደንብ ውስጥ በልምድ የተገኘ ሌላ ስሌት አለ፤ በካሬ ሜትር ከ150 ኪሎ በላይ ለሆነ ግድግዳ የክብደቱን ሎጋሪዝም በ37.5 አባዝቶ 42 መቀነስ ነው። ለ250 ኪሎ 48 ዴሲቤል ይወጣል። ከ55ቱ 7ቱን መገጣጠሙ ወሰደብን ማለት ነው። ያም ሆኖ 60 ዴሲቤል የሚናገረው ሰው በወዲያኛው ወገን 12 ዴሲቤል ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከሌሊቱ ጸጥታ እንኳ ያነሰ ስለ ሆነ አይሰማም። አያቶቻችን ይህን ቤት የሠሩት ለብርድና ለነፋስ ቢሆንም ምሥጢርንም ጠብቆላቸው ኖሯል።

ብሎኬትም በክብደቱ ከጭቃው አይርቅም፤ ነገር ግን ያልተለሰነ ብሎኬት ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ ድምፁ በቀዳዳው ውስጥ ይሾልካል። በአንድ ወገን ብቻ እንኳ ቢለሰን የሚያግደው ድምፅ በብዙ ይጨምራል። በድሮ ቤቶች ግድግዳ ላይ ጋዜጣ መለጠፍ የተለመደ ነበር፤ ዐሥር ድርብ ጋዜጣ በካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ እንኳ ስለማይመዝን በክብደቱ ምንም አይጠቅምም፤ ስንጥቁን በመድፈኑ ግን ሳይጠቅም አልቀረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። በከተማ ቦታ ጠቦአል፤ ክራይ ቤት የሚሠራ ሰው አንዱን ክፍል ሁለት ለማድረግ 17 ሳንቲ ሜትር ጭቃ አያቆምም። በአዲስ አበባም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ለክፍል መለያ አግሮስቶን የሚባል ስስ ሰሌዳ በሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ የዘመናችን ጥያቄ ቀላል በሆነ ነገር እንዴት ብዙ ድምፅ ይታገዳል የሚል ነው። በክብደት ብቻ ከሄድን ተስፋ የለውም፤ የቺፑዱን 22 ዴሲቤል ወደ 40 ለማድረስ ስምንት እጥፍ ክብደት ያስፈልጋል።

መፍትሔው ግድግዳውን ለሁለት ከፍሎ በመካከሉ አየር ማስቀመጥ ነው። ሁለት ቺፑድ አጣብቀን ብናቆማቸው 28 ዴሲቤል ብቻ እናገኛለን። እነዚያኑ ሁለቱን በ5 ሳንቲ ሜትር አራርቀን፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ ውስጡንም ድምፅ በሚውጥ ነገር ሞልተን ብናቆማቸው ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ የሁለቱ መከላከል ይደመራል፤ በላዩም የድግግሞሹና በሜትር የተለካው የርቀቱ ብዜት ሎጋሪዝም በ20 ተባዝቶ ይጨመርና 29 ይቀነሳል። 22 ሲደመር 22፣ ሲደመር 28፣ ሲቀነስ 29፤ ውጤቱ 43 ዴሲቤል ነው። ያው እንጨት፣ ያው ክብደት፣ ግን 15 ዴሲቤል ብልጫ። በመካከል ያለው አየር ምንም ዋጋ የማይከፈልበት የግንብ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን በዚህ ዓለም ያለ ዋጋ የሚገኝ የለምና፣ አየሩም ዋጋውን በሌላ በኩል ያስከፍላል። የታሸገ አየር እንደ ምንጣፍ ሞላ ወይም እንደ መኪና ሞላ ነው፤ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል። ሁለቱ ሰሌዳዎች በሞላ ጫፍና ጫፍ እንደ ታሰሩ ሁለት ክብደቶች ሆነው በራሳቸው ድግግሞሽ ይወዛወዛሉ። ይህንንም ድርብ ግድግዳን በጥልቀት ያጠናው አልበርት ለንደን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ተንትኖታል። ስሌቱ የሁለቱን ክብደቶች ተገላቢጦሽ ደምሮ፣ ለርቀቱ በሜትር አካፍሎ፣ የውጤቱን ካሬ ሥር በ60 ማባዛት ነው። ለእኛ ቺፑድ 162 ኸርዝ ይወጣል። በዚህ ድግግሞሽ አጠገብ ድርቡ ግድግዳ ከነጠላው ሊብስ ይችላል፤ ከእርሱ በታች ሁለቱ እንደ አንድ ሰሌዳ ይንቀሳቀሳሉ፤ የተጠቀምነው ከእርሱ በላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ሠርግ ከበሮ በድርብ ቺፑድ ውስጥ እንደ ልቡ ያልፋል። የወንድ ድምፅም ወፍራሙ ክፍል ያልፋል። የንግግር ፍች የሚለይባቸው ፊደላት፣ እንደ ሰ፣ ከ፣ ተ ያሉት፣ ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ድግግሞሽ ላይ ስለሚገኙ እነርሱ ይታገዳሉ። ሰው እየተናገረ መሆኑ ይሰማል፤ ምን እንደሚል አይታወቅም። ለሙዚቃ ቤት ይህ ጉድለት ነው፤ ለአክስቴ ግን ከዚህ የበለጠ አያስፈልጋትም ነበር።

አናጢዎቻችን ድርብ ግድግዳ አይሠሩም ማለት አይደለም፤ ይሠራሉ። አንድ ረድፍ ቋሚ እንጨት አቁመው በግራና በቀኝ ቺፑድ ይመቱበታል። ችግሩ ያው እንጨት ነው፤ ሁለቱም ሰሌዳ በአንድ ቋሚ ላይ ስለ ተቸነከሩ ድምፁ አየሩን ትቶ በእንጨቱ ይሻገራል። ቋሚዎቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በዚያው በሻርፕ ዘዴ 43ቱ ወደ 37 ይወርዳል። ቋሚዎቹን በሁለት ረድፍ አድርጎ፣ አንዱን ረድፍ ለግራው ሌላውን ለቀኙ ብቻ ማዋል ይህን 6 ዴሲቤል ይመልሳል። የሚጨመረው ወጪ ጥቂት የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ አጣና በፋርጣ ምድር ብርቅ አይደለም።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ትልቅ ጠላት አለ፤ እርሱም ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ ክብደት ስለሌለው ምንም አያግድም። ከግድግዳው ስፋት አንድ ሺኛው ክፍት ከሆነ፣ ግድግዳው ከብረት እንኳ ቢሠራ ጠቅላላው ከ30 ዴሲቤል ሊያልፍ አይችልም፤ አንድ መቶኛው ክፍት ከሆነ ከ20 አያልፍም። የ10 ካሬ ሜትር ግድግዳ አንድ ሺኛ 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህም 4 ሜትር በሚረዝመው ግድግዳ ጫፍ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ ክፍተት መተው ነው። እንዲህ ያለ ክፍተት ዐይን አይቶ የሚንቀው ነው። እኛ በብዙ ድካም ያገኘነው 43 በዚህ ክፍተት ብቻ ወደ 30 ይወርዳል። የክሊኒኩ ግድግዳ ደግሞ ከ3 ሜትሩ ግማሹን ሜትር፣ ማለት አንድ ስድስተኛውን፣ ክፍት አድርጎ የቆመ ነው። ስሌቱ 8 ዴሲቤል እንኳ እንደማይሞላ ያሳያል። ቺፑዱን አውጥቶ የጋፋትን መድፍ አቅልጦ በነሐስ ቢሠራው እንኳ ያው 8 ነበር።

የክራይ ቤቶችም በሽታ ይኸው ነው። በአንድ ቆርቆሮ ሥር አምስት ስድስት ክፍል ተደርድሮ ይሠራል፤ በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ጥሩ ጭቃ ወይም ብሎኬት ቢሆንም እስከ ኮርኒሱ ብቻ ይቆማል። ኮርኒሱ የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ባዶ ስፍራ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ድምፁ 48 ዴሲቤል ከሚያግደው ግድግዳ ጋር ምን አጣላው? ወደ ላይ ወጥቶ፣ በከረጢቱ አልፎ፣ በቆርቆሮው ተመልሶ፣ በጎረቤት ከረጢት ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቤት የኖረ ተማሪ ሁሉ የጎረቤቱን ሰዓት መደወያ፣ የጎረቤቱን ጠብና ዕርቅ ያውቃል። ሰዎች በዚህ ጊዜ ግድግዳውን ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ግድግዳው ግን ንጹሕ ነው። ቤቱን የሚያሠራው ሰው ግድግዳውን ሌላ አንድ ሜትር ወደ ቆርቆሮው ቢያስወጣው ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ በመጻሕፍት ብዙ ጊዜ ያልተጻፈልንን አንድ ነገር ልጨምር፤ በበኩሌ ከዚህ ጥናት ሁሉ ያስደሰተኝ ይኸው ነው። ከላይ በክብደት ሕግ ውስጥ የምንቀንሰው 47 ከየት መጣ? የመጣው ከባሕር ጠለል አየር ነው። ድምፅ የሚገፋን በአየር ስለ ሆነ የአየሩ ክብደት በስሌቱ ውስጥ አለ። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ይመዝናል። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ 0.9 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። ቀላል አየር ከባድ ግድግዳን ለመግፋት ጕልበቱ ያንሳል። ስለዚህ በደብረ ታቦር ከ47 ይልቅ 44 ተኩል ያህል መቀነስ ይገባል፤ ያው ግድግዳ በሐምቡርግ ወይም በምጽዋ ከሚያግደው 2 ዴሲቤል ተኩል ያህል የበለጠ ያግዳል። ለድርቡ ግድግዳ፣ ሁለቱም ሰሌዳ ስለሚጠቀም፣ ብልጫው እስከ 5 ይደርሳል። በመካከል የታሸገውም አየር ግፊቱ ወደ 73 በመቶ ስለ ወረደ የላላ ሞላ ይሆናል፤ 162 ያልነው ድግግሞሽ ወደ 138 ኸርዝ ይወርዳል፤ ይህም ለእኛ ይጠቅመናል። እንግዲህ ከውጭ አገር የሚመጣውን የሰሌዳ መግለጫ ስናነብ፣ ቍጥሩ ለደጋ ሰው ጥቂት እንደሚያንስ ማወቅ ይገባናል። ለስንጥቅ ግን ደጋም ቆላም አንድ ነው፤ ስንጥቅ ከስሱ አየር ምንም አያተርፍም።

ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ በሰፊው ለመጻፍ ሌላ ጊዜ ያስፈልጋል። በካሬ ሜትር 3 ኪሎ የሚመዝን ብረት በክረምት ዝናብ ሲመታ ራሱ ከበሮ እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ በሰኔና በሐምሌ መምህር አቋርጦ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቅበትን ክፍል ያላየ የለም። የሣር ክዳን በዚህ ረገድ ይበልጠው ነበር፤ የእሳት አደጋውንና ፍሳሹን የሚያውቅ ሰው ግን ወደ እርሱ እንመለስ አይልም።

ስሌቱን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። የሰሌዳውን አንድ ካሬ ሜትር ቈርጦ በገበያ ሚዛን መመዘን፣ ርቀቱን በሜትር መለካት፣ ስንጥቁን በሌሊት በአንድ ወገን መብራት አብርቶ ከሌላው ወገን መፈለግ ይበቃዋል፤ ብርሃን የሚያልፍበት ሁሉ ድምፅ ያልፍበታል።

ለዚያ ክሊኒክ ብጠየቅ የማቀርበው ስሌት እንዲህ ነው። አሁን ባለው ቺፑድ ላይ ሌላ አጣና በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለብቻው ቆሞ ሁለተኛ ቺፑድ ይመታበት፤ በመካከሉ ድምፅ እንዲውጥ ደረቅ የበግ ጠጕር ወይም አሮጌ ጨርቅ ይሞላ፤ ሁለቱም እስከ ጣሪያው ይድረሱ፤ ዳር ዳሩ በጀሶ ይደፈን፤ በሩም ከሥሩ የላስቲክ ዝርግ ይደረግለት። በወረቀት 43፣ ለደጋው አየር 5 ሲጨመርለት 48 ይወጣል፤ ይህ ከጭቃው ግድግዳ እኩል ነው፣ ክብደቱ ግን ከሃያ አንድ እጅ ነው። በሩና የአናጢው እጅ የሚያጐድሉትን 13 ዴሲቤል ብንተውላቸው እንኳ 35 ይቀራል፤ 60 የሚናገር በሽተኛ ወንበር ላይ ለተቀመጡት 25 ይሆናል።

ይህን በቍጥር ጽፌ ለአንድ ሽማግሌ አናጢ አሳየሁት። ቍጥሩን አላየውም፤ ሥዕሉን አየና «ድርብ ማድረጉ መልካም ነው፤ ግን መጀመሪያ ያንን የላዩን ክፍት ዝጉት» አለኝ። እኔ እዚያ ቃል ላይ የደረስሁት በሦስት ሳምንት ነው።